ሚዛኑ ሲቆም፦ ከጨጓራ ማሳነሻ ቀዶ ጥገና በኋላ ተስፋ ለቆረጡ ደረጃ በደረጃ መመሪያ

ቀዶ ጥገናውን ካደረግሁ አምስተኛ ወሬ ነበር። ሚዛኑ 91 ኪሎ ላይ ቆመ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ንቅንቅ አልል አለ። ጠዋት እወጣበታለሁ፣ 91። ማታ እወጣበታለሁ፣ 91 ተኩል። የምበላው በሕፃን ሳህን የሚለካ ነው፤ ታዲያ ይህ ሰውነት በምን እየኖረ ነው እላለሁ። ከ112 ተነስቼ 21 ኪሎ መቀነሴን ረስቼዋለሁ። ትዝ የሚለኝ በአንድ ሰሞን የታከመችው ጓደኛዬ 30 ማለፏ ብቻ ነው።

ከዚያ የስድስት ወር ቀጠሮዬን ሰረዝኩ። ሐኪሜ ፊት ተቀምጬ «ምን እየበላሽ ነው?» ስባል እየታየኝ ፈራሁ። ሁለት ወር ተደበቅሁ። በነዚያ ሁለት ወራት ቫይታሚኔን ተውኩ፣ ውሃዬን ረሳሁ፣ ማታ ማታ ብስኩት ጀመርኩ። ሚዛኑ ያላደረሰብኝን ጉዳት ማፈሬ አደረሰብኝ።

ይህን የምጽፈው አሁን እዚያ ቦታ ላይ ላላችሁ ነው። ስሊቭ ይሁን (አብዛኛው ጨጓራ ተቆርጦ የሚወጣበት) ባይፓስ (ትንሽ የጨጓራ ክፍል ተለይቶ በቀጥታ ከትንሹ አንጀት ጋር የሚገናኝበት)፣ ሜሪላንድ ሁኑ ቴል አቪቭ ወይም ዱባይ፣ መንገዱ ብዙም አይለያይም። ሐኪም አይደለሁም። የምነግራችሁ በክትትል ዓመታት የተማርኩትን ነው። ሐኪማችሁ የተለየ ነገር ካዘዛችሁ የእሱን ስሙ።

1. መጀመሪያ ስንተኛ ወራችሁ እንደሆነ ቁጠሩ

መቆም ሁሉ አንድ አይደለም። በሦስተኛው ሳምንት የቆመ ሚዛንና በሁለተኛው ዓመት የቆመ ሚዛን የሚናገሩት ለየቅል ነው።

ከሁለተኛው እስከ ስድስተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ቀጥ ብሎ ከቆመ አትደንግጡ። ይህ በጣም ብዙ ሰው ላይ ይመጣል። ምክንያቱ ውሃ ነው። ሰውነታችን በጉበትና በጡንቻ ውስጥ ግላይኮጅን የሚባል የስኳር ስንቅ ያስቀምጣል። እያንዳንዱ ግራም ስንቅ ወደ ሦስት ግራም ውሃ ይዞ ይቀመጣል። በቀዶ ጥገናው ሰሞን ምግብ ሲጠፋ ስንቁ ያልቃል፣ ውሃውም አብሮት ይወጣል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያስደሰታችሁ ፈጣን ቅናሽ ብዙው ይኸው ውሃ ነበር። ለስላሳ ምግብ ስትጀምሩ ስንቁ በከፊል ይሞላል፣ ውሃውም ይመለሳል። በዚያው ሰሞን ስቡ እየቀለጠ ነው፤ ግን የተመለሰው ውሃ ይሸፍነዋል። ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ቆይቶ ራሱ ይለቃል። በዚህ ጊዜ ምግብ ይበልጥ መቀነስ አያፈጥነውም። ጡንቻችሁን ነው የሚጎዳው።

ከሦስተኛው ወር ወዲያ ያለው ዝግታ ሌላ ነው። 112 ኪሎ የሚሸከም ሰውነትና 91 ኪሎ የሚሸከም ሰውነት እኩል ነዳጅ አያቃጥሉም። ደረጃ ስትወጡ፣ ስትተኙ፣ ስትተነፍሱ እንኳ ያነሰው ሰውነት ጥቂት ይበቃዋል። በዚያ ላይ ረሃብ የመጣበት ስለሚመስለው ወጪውን ይቆጥባል። ስለዚህ በመጀመሪያው ወር የቀነሳችሁትን ያህል በስድስተኛው ወር አትቀንሱም። ጥቂት ይወርዳል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይወርዳል።

ከ12 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ አብዛኛው ሰው ዝቅተኛው ክብደቱ ላይ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ጥቂት ኪሎ መመለሱ የተለመደ ነው። በስዊድን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1987 የተጀመረ፣ ላርስ ሾስትሮም የመሩት ትልቅ ጥናት አለ። ባይፓስ የተደረገላቸው ሰዎች በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ከመነሻ ክብደታቸው ወደ 32 በመቶ ቀንሰው ነበር። በአሥረኛው ዓመት ሲለኩ ቅናሹ 25 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ጥቂት ተመልሷል ማለት ነው። ሆኖም በ2007 በወጣው ውጤት ቀዶ ጥገና የተደረገላቸው ሰዎች ካልተደረገላቸው ይልቅ በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው ከፍ ያለ ነበር። ይህን ሳነብ አንድ ትልቅ ሸክም ከላዬ ወረደ። ሦስት ኪሎ የተመለሰባችሁ ሰዎች ሆይ፣ ይህ የጠፋ ሥራ አይደለም።

አሁን አንድ ስሌት ሥሩ። ቁመታችሁን በሜትር ውሰዱና በራሱ አባዙት። ውጤቱን በ25 አባዙ፤ የሚወጣው ለቁመታችሁ ጤናማ የሚባለው ክብደት የላይኛው ጫፍ ነው። የእኔ ቁመት 1.65 ነው፤ 68 ኪሎ ይወጣል። ከመነሻዬ ከ112 ላይ 68 ሲቀነስ 44 ኪሎ ትርፍ ነበረኝ። ስሊቭ ላይ የተለመደው ውጤት የዚህ ትርፍ ከ50 እስከ 70 በመቶው መውረዱ ነው። የእኔ 44 ሲሰላ ከ22 እስከ 31 ኪሎ ማለት ነው። ስለዚህ ቀዶ ጥገናው በደንብ ቢሠራልኝ የሚያደርሰኝ ከ81 እስከ 90 ኪሎ መካከል ነው። እኔ በልቤ የያዝኩት ግን 65ን ነበር። ማንም ያልሰጠኝን ቁጥር ነው ይዤ የማለቅሰው! በአምስተኛው ወር 91 መሆኔ ጥሩ አካሄድ ነበር፤ ስሌቱን ስላልሠራሁ ውድቀት መሰለኝ።

ይህን ስሌት በወረቀት ሥሩት። የሚወጣው ቁጥር ካሰባችሁት በጣም ከራቀ ማዘናችሁ አይቀርም። እዘኑ። ግን ከእውነተኛው ቁጥር ጋር ተነጋገሩ።

2. የምትመዘኑበትን ልማድ ቀይሩ

በሳምንት አንድ ቀን ብቻ። አንድ ቀን ምረጡ፣ ጠዋት፣ ሽንት ቤት ከገባችሁ በኋላ፣ ቁርስ ሳይቀመስ። ትናንት የበላችሁት ጨው፣ የሆድ ድርቀት፣ የወር አበባ መቃረብ አንድና ሁለት ኪሎ በቀላሉ ያንቀሳቅሳሉ። በየቀኑ የሚመዘን ሰው በየቀኑ የሚለካው ይህንን ነው። ራሳችሁን መከልከል ካቃታችሁ ሚዛኑን ሌላ ሰው ያስቀምጥላችሁ። እኔ ለእህቴ ሰጥቼው ነበር፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ታወጣልኛለች።

በተጨማሪ ሜትር ግዙ፣ የልብስ ሰፊውን ዓይነት። በወር አንድ ጊዜ ወገብ፣ ዳሌ፣ ጭንና ክንድ ለኩና ጻፉ። ሚዛኑ ቆሞ ወገብ የሚቀንስበት ወር ብዙ ነው።

ከቁጥሩ ውጪ ያለውንም መዝግቡ፣ ምክንያቱም ሰው የለመደውን ይረሳል። የደም ግፊታችሁ ስንት ነበር፣ አሁን ስንት ነው? የሦስት ወር የስኳር ልኬታችሁስ? ማታ የምታንኮራፉት ቀንሷል? ጫማችሁን ጎንበስ ብላችሁ ታስራላችሁ? እኔ ከሁሉ በፊት የለየሁት ስግደት ላይ ነው። ድሮ ጉልበቴ ስለማይታጠፍ ወንበር ይዤ ነበር የምቆመው። በስምንተኛው ወር ተንበርክኬ ያለ ማንም እርዳታ ተነሣሁ። ያን ቀን ስመዘን 89 ነበርኩ።

አንድ ማሳሰቢያ። የስኳር ወይም የግፊት መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ክብደት ሲወርድ የድሮው መጠን ሊበዛባችሁ ይችላል። ከመቀመጫ ስትነሡ ዓይናችሁን የሚያጨልማችሁ ወይም የሚያንቀጠቅጣችሁ ከሆነ ደውሉና መጠኑ ይስተካከል። በራሳችሁ አታቋርጡ።

3. ለሰባት ቀን የሚገባውን ሁሉ ጻፉ

ለመቀነስ ብላችሁ አይደለም። ለማየት ብቻ። የቀመሳችሁትን፣ ከልጅ ሳህን ያነሳችሁትን፣ ከቡና ጋር የገባውን ሁሉ። ሳትበሉ የቀራችሁበትንም ሰዓት ጻፉ። ሰባቱ ቀን ሲያልቅ አራት ነገር ፈልጉ።

መጀመሪያ ፕሮቲን። ብዙውን ጊዜ የሚታዘዘው በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም ነው። ይህ ለእኛ ማዕድ ቀላል አይደለም። አንድ እንቁላል ወደ 6 ግራም አለው። አንድ ኩባያ የተቀቀለ ምስር ወደ 18። 100 ግራም የበሰለ የዶሮ ደረት ወደ 30። ታዲያ በአንድ ጊዜ ግማሽ ኩባያ ብቻ የሚችል ጨጓራ መጀመሪያ እንጀራውን ከበላ ለሥጋው ቦታ አይተርፍም። ስለዚህ ተራውን ገልብጡት። ከዶሮ ወጡ ሥጋውንና እንቁላሉን አስቀድሙ፣ ቁሌቱን ተዉት፤ ቂቤው ያለው እዚያ ነው። ቀጥሎ ጎመን ወይም ሰላጣ። እንጀራ መጨረሻ፣ ቦታ ካለ። እንጀራና ዳቦ ለአንዳንዱ ጭራሽ አይወርዱም። ይህ ይለያያል፣ በትንሹ ሞክሩት።

ሁለተኛ፣ ሳይታወቅ የሚንሸራተት ምግብ። ሥጋና ጥራጥሬ ጨጓራ ውስጥ ይቆያሉ፣ ያጠግባሉ። ፈንዲሻ፣ ብስኩት፣ ቺፕስ፣ አይስክሬም ግን ሟሙተው ይወርዳሉ። ጠገብኩ የሚል ስሜት ሳይመጣ ብዙ ይገባል። የቡና ሥርዓት ላይ ተቀምጣችሁ አንድ ሳህን ፈንዲሻ ከጨረሳችሁ፣ አቦል ቶና በረካውን ሁለት ሁለት ማንኪያ ስኳር ከጨመራችሁበት፣ ስኳሩ ብቻውን ወደ 100 ካሎሪ ነው። ቡናውን ጠጡ። ስኳሩን በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ቀንሱ፤ ምላስ ይለምዳል።

ሦስተኛ፣ መጠጥ። በቀን ከአንድ ሊትር ተኩል እስከ ሁለት ሊትር ውሃ፣ በጉንጭ በጉንጭ። ከምግብ ጋር አትጠጡ። ከበላችሁ በኋላ ግማሽ ሰዓት ቆዩ። ውሃ ያነሰው ሰው የሆድ ድርቀት ይይዘዋል፣ ይደክመዋል፣ ራሱን ያመዋል፣ ድካሙን ደግሞ በሚጣፍጥ ነገር ሊያባርረው ይሞክራል። ጭማቂና ለስላሳ መጠጥ ውሃ ተብለው አይቆጠሩ።

አራተኛ፣ ሰዓቱ። ቀኑን ሙሉ ምንም ሳይቀምሱ ውለው ማታ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ እስከ እኩለ ሌሊት መቆርጠም፣ እኔ ያለሁበት ችግር ይህ ነበር። ሁለት ሥራ የምትሠሩ፣ የሌሊት ፈረቃ ያላችሁ፣ ታክሲ የምትነዱ ሰዎች ይህን ታውቁታላችሁ። ቦርሳ ውስጥ የሚገባ ነገር ያስፈልጋችኋል፦ የተቀቀለ እንቁላል፣ ስኳር የሌለው እርጎ፣ የፕሮቲን መጠጥ።

ስለ ጾም አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም ብዙ ሴቶች በዚህ ተጨንቀው አይቻለሁ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ግማሽ ኩባያ ምስር 9 ግራም ፕሮቲን ከሆነ፣ በቀን አራት ጊዜ ብትበሉት እንኳ 36 ግራም ነው። አይደርስም። በዚያ ላይ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳይቀመስ ከተቆየ ውሃውም አይደርስም። በመጀመሪያው ዓመት ሐኪማችሁንም የንስሐ አባታችሁንም ሳታማክሩ አትጀምሩ። ለታመመ ሰው ቤተ ክርስቲያን መንገድ አላት፤ እኔ የንስሐ አባቴን ስጠይቅ ቁጣ ጠብቄ በረከት ነው ያገኘሁት። በኋላ ስትጾሙ ሽሮና ምስሩ ላይ ከአኩሪ አተር ወይም ከአተር የተሠራ የፕሮቲን ዱቄት ጨምሩበት። ረመዳን የምትጾሙም እንዲሁ፤ ሐኪማችሁ ከፈቀደ በኢፍጣርና በሱሑር መካከል ያለውን ሰዓት ለውሃ ስጡት። ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ መጠጣት ስለማትችሉ በየሩብ ሰዓቱ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ኢንተርኔት ላይ የሚሰጠውን «ወደ ፈሳሽ ተመለሱና ጨጓራውን እንደገና አሳንሱት» የሚል ምክር አትከተሉ። ለአምስት ቀን ሾርባ ብቻ መጠጣት ውሃና ጡንቻ ያስወጣል እንጂ ጨጓራን አያሳንስም። ሲመለስ ደግሞ ተስፋ መቁረጡን በእጥፍ ያመጣዋል።

4. ረሃቡ ሲመለስ

ይህ ለብቻው መነሣት አለበት፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሰበረው እዚህ ላይ ነው። በስሊቭ የጨጓራው ወደ 80 በመቶ የሚሆነው ይወጣል። ግሬሊን የሚባለው የረሃብ ሆርሞን በብዛት የሚመረተው በሚወጣው ክፍል ነው። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ወራት ረሃብ የሚባል ነገር አይሰማም። ከወራት በኋላ ቀስ እያለ ይመለሳል። ያን ጊዜ «ጨጓራዬ ለጠጠ፣ አበቃልኝ» ይባላል።

አላበቃም። የተራበ ሰው ይበላል፣ ጤነኛ ነገር ነው። መለየት ያለባችሁ የሆድን ረሃብ ከሐሳብ ረሃብ ነው። የሆድ ረሃብ ቀስ ብሎ ይመጣል፣ እንቁላልም ቢሆን ይቀበላል። የሐሳብ ረሃብ ድንገት ይመጣል፣ ቸኮሌት ካልሆነ አይሆንም ይላል። እኔ አንድ ጥያቄ ነበረችኝ፦ «አሁን የተቀቀለ እንቁላል ብሰጥሽ ትበያለሽ?» መልሱ አዎ ከሆነ እበላለሁ። አይሆንም ካልኩ ስልኬን አንስቼ ሰው እደውላለሁ፣ ወይም ወጥቼ አሥር ደቂቃ እራመዳለሁ። ሁልጊዜ አልተሳካልኝም። ከአምስት ቀን ሦስቱ ቢሳካ ብዙ ነው።

5. እንቅስቃሴ

አጭር ላድርገው። በሳምንት 150 ደቂቃ ያህል መራመድ፣ ከዚያ ሐኪም ሲፈቅድላችሁ በሳምንት ሁለት ቀን ክብደት ማንሳት ወይም የላስቲክ ገመድ መሳብ። ክብደት በፍጥነት ሲወርድ ጡንቻ አብሮ ይወርዳል፤ ጡንቻ ሲያንስ የሚቃጠለው ነዳጅ ያንሳል። ጂም ግቡ ማለቴ አይደለም። ሁለት የውሃ ጠርሙስ ሞልቶ ቤት ውስጥ ማንሳት ይበቃል ለመጀመሪያ። ጉልበት ቢያምም እንደ አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ያሉትን የሕመም ማስታገሻዎች ሳትጠይቁ አትዋጡ፤ በተለይ ባይፓስ የተደረገለት ሰው ላይ ቁስለት ያመጣሉ።

እንቅልፍም እዚህ ይግባ። ሌሊቱን አምስት ሰዓት ብቻ የተኛ ሰው በነጋታው ጣፋጭ ይፈልጋል።

6. ለሰው ምን እንደምትመልሱ አስቀድማችሁ አዘጋጁ

በሌላው ዓለም የቀነሰ ሰው «አማረብህ» ይባላል። እኛ ጋ «ምነው ተጎሳቆልሽ? ደህና ነሽ?» ነው። ከሳች ሲባል ሰው በሽታ ያስባል፣ ከኋላ ይንሾካሾካል። በሌላ በኩል ቀዶ ጥገናውን የሚያውቁት ደግሞ «ያን ሁሉ ስቃይ አይተሽ ይቺን ብቻ?» ይላሉ። በአንድ ልቅሶ ቤት ሁለቱንም በአሥር ደቂቃ ልዩነት ሰምቻለሁ። ቤቴ ገብቼ ያለቀስኩት ለሁለቱም ነው።

መልስ አዘጋጁ። አፋችሁ ላይ እስኪለመድ ለራሳችሁ በሉት። «ደህና ነኝ፣ ሐኪሜ ደስ ብሎታል» ለጎረቤት ይበቃል። ለሚገፋፋችሁ ዘመድ «ስለ ኪሎዬ ከሐኪሜ ጋር ብቻ ነው የማወራው፤ እስቲ ስለ ልጆቹ ንገሪኝ» በሉ። «አቋራጭ ነው የወሰድሽው» ለሚላችሁ መልስ የመስጠት ግዴታ የለባችሁም። በቀን ስድስት ጊዜ በሰዓት መብላትን፣ ዕድሜ ልክ ቫይታሚን መዋጥን አቋራጭ የሚለው ያልሞከረው ነው።

ጉርሻ። ይህን ማንም የውጭ ሐኪም አይነግራችሁም። ሙሉ ጉርሻ ለትንሽ ጨጓራ አደጋ ነው፤ በደንብ ያልታኘከ ምግብ ይቀረቀራል፣ ደረት ይወጥራል፣ ያስመልሳል። አክስቴ «በሞቴ» ስትለኝ እምቢ ማለት አልችልም ነበር። በኋላ ያገኘሁት መላ «ጨጓራዬን ታክሜያለሁ» ማለት ነው። ውሸት አይደለም፣ ጨጓራ ያለበትን ሰው ደግሞ በአገራችን ማንም አያስገድድም። «አንቺ አጉርሺኝ፣ ግን የጣት ጫፍ ታህል» ካላችሁ ደግሞ ፍቅሩም አይቀርም።

ምስጢር አድርጋችሁ ከያዛችሁት፣ መብታችሁ ነው። ነገር ግን ቢያንስ አንድ ሰው ይወቅ። ሚዛኑ ሲቆም የምትደውሉለት፣ «ጨመርኩ» ስትሉት የማይመክራችሁ፣ ዝም ብሎ የሚሰማችሁ አንድ ሰው። ከሌላ ታካሚ ጋር ብትተዋወቁ መልካም ነው፤ ኪሎ መወዳደር ከጀመራችሁ ግን አቁሙ። የኔና የጓደኛዬ ልዩነት የተፈጠረው ባለመጣር አይደለም። እሷ ባይፓስ ነበር የተደረገላት፣ በቁመት ትበልጠኛለች፣ መነሻዋም 140 ነበር።

7. ሐዘኑ ሲከብድ

ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ወር ፀጉር ይረግፋል። ማበጠሪያው ላይ ስታዩት ያስደነግጣል። አብዛኛውን ጊዜ በዓመቱ አካባቢ ይመለሳል፤ እስከዚያው ሹሩባውን አጥብቃችሁ አትሠሩት፣ ፕሮቲንና ብረታችሁን ጠብቁ። ቆዳ ይላላል። ድሮ ስንከፋ የምንሸሸግበት ምግብ የለም። ይህ ሁሉ በአንድ ላይ ሲመጣ ልብ ቢሰበር አይገርምም። ምግቡ ለብዙዎቻችን ወዳጅ ነበር፤ ወዳጅ ሲሄድ ይታዘናል።

ነገር ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ ምንም ነገር ደስ የማይላችሁ ከሆነ፣ እንቅልፍ ከጠፋ፣ ከአልጋ መውጣት ከከበደ፣ ይህ የኪሎ ጉዳይ አይደለም። ለሐኪም ይነገር። የመጠጥም ነገር አለ። ከቀዶ ጥገናው በኋላ አልኮል ቶሎ ደም ውስጥ ይገባል፤ ድሮ በሦስት ብርጭቆ የሚመጣው ስካር በአንድ ይመጣል። ምግብን በመጠጥ የተኩ ሰዎች አሉ። ጠጅም ጠላም እዚያው ውስጥ ናቸው። ራስን የመጉዳት ሐሳብም ከዚህ ቀዶ ጥገና በኋላ በአንዳንዶች ላይ እንደሚመጣ ጥናቶች ያሳያሉ። ብኖር ባልኖር ለውጥ የለውም የሚል ሐሳብ ከመጣባችሁ ወዲያውኑ ለሰው ንገሩ። አሜሪካ ውስጥ 988 መደወል ይቻላል፣ እስራኤል ውስጥ 1201። በሌላ አገር ያላችሁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

8. ወደ ክሊኒኩ ተመለሱ

እኔ መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝን መጨረሻ ላይ ነው ያደረግሁት። እናንተ ቀጠሮ ካመለጣችሁ ዛሬ ያዙ። ስትሄዱ የሰባቱን ቀን ጽሑፍና የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ። አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶች፣ ኢንሱሊን፣ እንደ ፕሬድኒሶሎን ያሉ ስቴሮይዶች ክብደት ይጨምራሉ፤ ሐኪሙ ሊቀይራቸው ይችላል። የደም ምርመራ ጠይቁ፦ ሄሞግሎቢን፣ የብረት ክምችት፣ ቫይታሚን ቢ12፣ ቫይታሚን ዲ፣ የእንቅርት ሆርሞን። ብረት ያነሰው ሰው ይደክመዋል፣ የደከመው አይራመድም። ብረቱንና ካልሲየሙን በሁለት ሰዓት አራርቃችሁ ዋጡ። ብረቱን ከቡናና ከሻይም አርቁት።

ቀዶ ጥገናውን ቱርክ ወይም ሕንድ ሄዳችሁ ያደረጋችሁ ከሆነ የቀዶ ጥገናውን ሪፖርት አስልኩና ለአገራችሁ ሐኪም ስጡት። ምን እንደተሠራ ሳያውቅ ሊረዳችሁ ይቸገራል።

ሁሉም ነገር ተስተካክሎ አሁንም ከተጠበቀው በጣም ካነሰ፣ ወይም ብዙ ኪሎ ከተመለሰ፣ ሌላ መንገድ አለ። በኤንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ) ወይም በራጅ የጨጓራው ቅርጽ ይታያል። እንደ ሴማግሉታይድና ቲርዜፓታይድ ያሉ የምግብ ፍላጎት የሚቀንሱ መርፌዎች ከቀዶ ጥገና በኋላም ይታዘዛሉ። ስሊቭን ወደ ባይፓስ መቀየርም ይቻላል። መድኃኒት መጨመር ሽንፈት አይደለም። ውፍረት እንደ ግፊት የረጅም ጊዜ በሽታ ነው፤ ለግፊት ሁለተኛ ክኒን የተጨመረለትን ሰው ማንም «ሰነፍ» አይለውም።

ሴቶች አንድ ነገር። ክብደት ሲወርድ የመፀነስ ዕድል ይጨምራል፤ ከባይፓስ በኋላ ደግሞ የሚዋጥ የወሊድ መቆጣጠሪያ እንደ ድሮው ላይሠራ ይችላል። ከ12 እስከ 18 ወር እንድትቆዩ ይመከራል፣ ስለ ሌላ ዘዴ ጠይቁ።

ቀጠሮ የማይጠብቁ ነገሮችም አሉ። ትኩሳት፣ ከባድ የሆድ ሕመም፣ ልብ በኃይል መምታት፣ የደረት ሕመም፣ የአንድ እግር እብጠት፣ ጥቁር ሰገራ፣ ውሃ እንኳ የማያስቀር ትውከት፣ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል። ለቀናት ካስመለሳችሁ በኋላ እግር ከተንገዳገደ፣ ዓይን ሁለት ካየ ወይም ግራ ከተጋባችሁ የቫይታሚን ቢ1 እጥረት ሊሆን ይችላልና ይህንኑ ለሐኪሙ ንገሩት። «ደግ ነው፣ ኪሎ ይቀንሳል» ተብሎ የሚታለፍ ትውከት የለም።

ስልኩን ማንሳት ለከበዳችሁ፣ እኔ በወረቀት ጽፌ ያነበብኩት ይህ ነው፦ «ከሰባት ወር በፊት ስሊቭ ተደርጎልኛል። ቀጠሮዬን ሰርዤ ነበር፣ አፍሬ ነው። ክብደቴ ቆሟል፣ ቫይታሚኔንም ትቻለሁ። መቼ ልምጣ?»

ነርሷ አልተቆጣችም። ስለ ኪሎዬም አልጠየቀችኝም። የጠየቀችኝ ትናንት ስንት ብርጭቆ ውሃ እንደጠጣሁ ነው። አስቤ አስቤ ሁለት አልኳት። «እሺ፣ እስከ ሐሙስ ጻፊውና ይዘሽው ነይ» አለችኝ። ሐሙስ ሄድኩ።